አብሽር፤ ልብህ የት ነው የሚደሰተው?

 

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው ነሲሓ የመጣው ከአንድ ወጣት ጥያቄ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት መርሳ ላይ ጁሙዓ ሰግደን ስንወጣ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ ሰላም አለኝ። ዕድሜው ቢበዛ ሃያ ነው። አስፋልቱን ተሻግረን አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፉ መኪኖች ከፊታችን ይቆማሉ፣ ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ። እሱ መኪኖቹን እያየ ብዙ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን እንዳትታዘበኝ። እኔ ሶላቴን እሰግዳለሁ። ሳልሰግድ መዋል እፈራለሁ። ግን ወላሂ ነው የምልህ፣ ደስ ብሎኝ ሰግጄ አላውቅም። አላሁ አክበር ብዬ ስቆም ልቤ ጂዳ ነው። የሰፈራችን ልጆች የሚልኩት ፎቶ አለ፤ ልብሱ፣ ስልኩ፣ ለእናታቸው ያሠሩት ቤት። ደስ የሚለኝ እሱን ሳስብ ብቻ ነው። ደላላም አነጋግሬያለሁ። ሶላቴ ሌላ ቦታ፣ ደስታዬ ሌላ ቦታ ሆነብኝ። ሙናፊቅ ሆኜ ነው እንዴ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቃላችሁ? «አብሽር» አልኩት። እንደ ልማዳችን ማለት ነው። ሻያችንን ጠጥተን ተለያየን። ወደ ወልዲያ ስመለስ ግን መኪና ውስጥ ሆኜ አፈርኩ። ልጁ የልቡን አውጥቶ ሲነግረኝ እኔ አንዲት ቃል ወርውሬለት መጣሁ። ስለዚህ ያን ቀን የተበደርኩትን መልስ ዛሬ ልክፈል። ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። የብዙዎቻችን ነው።

«አብሽር» ስንል ምን እያልን ነው?

እኛ ወሎዎች ይህችን ቃል ከአፋችን አናወጣትም። ሰው ሲታመም አብሽር፣ ፈተና ሲወድቅ አብሽሪ፣ ለቅሶ ቤት ገብተን አብሽሩ እንላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል። «አይዞህ» ለማለት ነው የምንጠቀምባት።

በዐረብኛ ግን ከዚህ ትበልጣለች። «ደስ ይበልህ፣ የምሥራች አለህ» ማለት ነው። ከቡሽራ፣ ከምሥራች የመጣች ቃል ናት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ፉሲለት 30ኛው አንቀጽ ላይ ጌታችን አላህ ነው ብለው ከዚያም ቀጥ ብለው ስለጸኑ ሰዎች ይነግረናል። መላእክት ይወርዱባቸዋል፤ አትፍሩ፣ አትዘኑ ይሏቸዋል፤ በጀነትም ያበሽሯቸዋል። ቃሉ ያው የእኛው ቃል ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ሰውን አብሽር ስንለው የሚደሰትበት ነገር እንዳለ እየመሰከርንለት ነው። ያ ነገር ምንድን ነው? ጂዳ መግባት ነው? ዲግሪ ነው? ትዳር ነው? ወይስ እነዚህ ቢመጡም ቢቀሩም የማይቀር ሌላ ደስታ አለ?

መጀመሪያ፦ ሙናፊቅ አይደለህም

ልጁን ያስጨነቀው ነገር ከእሱ በፊት ታላላቆቹን አስጨንቋል። ሐንዞላ (ረ.ዐ) ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሚጽፉት ሶሓቦች አንዱ ነበር። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደመጣው አንድ ቀን ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ተገናኘና ራሱን ሙናፊቅ ሆኛለሁ ብሎ ከሰሰ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ረሱል ዘንድ ስንቀመጥ ጀነትና ጀሀነም በዓይናችን ያየናቸው ያህል ይሆንብናል፤ ቤታችን ስንገባ ግን ሚስት፣ ልጅና ንብረት ይይዘንና ብዙውን እንረሳለን አለ። አቡበክር አልገሠጹትም። እኛም እንዲሁ ነን አሉት! አስቡት፣ አቡበክር ናቸው እንዲህ ያሉት። ሁለቱም ተያይዘው ረሱል ዘንድ ሄዱ። እሳቸውም እኔ ዘንድ እንደምትሆኑት ሁልጊዜ ብትሆኑ ኖሮ መላእክት በየመኝታችሁና በየመንገዳችሁ ይጨብጧችሁ ነበር ብለው፣ ሰው ግን ለዚህም ለዚያም ጊዜ እንዳለው አስረዱት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ልብህ ከፍና ዝቅ ማለቱ ብቻውን ኒፋቅ አይደለም። ጥያቄው ራሱ ያስጨነቀህ ልብህ በሕይወት ስላለ ነው። መጥፎው ነገር ደስታህ ከሶላትህ መለየቱን እያወቅህ ምንም ሳይመስልህ መኖር ነው።

ሁለተኛ፦ መፈለግ ኃጢአት አይደለም

አንዳንዶቻችን ዲን ማለት ፍላጎትን መግደል ይመስለናል። ጥሩ ልብስ የወደደ፣ ማግባት የፈለገ፣ ሀብት የተመኘ ሁሉ ኢማኑ የጎደለ አድርገን እናያለን። ይህ ስሕተት ነው።

አላህ በሱረቱ አሊ ዒምራን 14ኛው አንቀጽ ላይ ሴቶችንና ልጆችን፣ ወርቅና ብርን፣ ፈረሶችን፣ ከብቶችንና አዝመራን መውደድ ለሰው ልጆች እንደተሸለመላቸው ይነግረናል። ይህ የተፈጠርንበት ነው። የተሻለው መመለሻ ግን እሱ ዘንድ እንደሆነ ወዲያው ያስታውሰናል። በሱረቱል አዕራፍ 32ኛው አንቀጽ ደግሞ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥና መልካም ሲሳይ ማን እርም እንዳደረገ በመጠየቅ ይወቅሳል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የሦስቱን ሰዎች ታሪክ ታውቁታላችሁ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እሰግዳለሁ፣ ሌላው ዕድሜ ልኬን እጾማለሁ፣ ሦስተኛው አላገባም አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን አላህን ከሁሉም ይበልጥ የሚፈሩት እሳቸው ሆነው ሳለ እንደሚጾሙም እንደሚያፈጥሩም፣ እንደሚሰግዱም እንደሚተኙም፣ እንደሚያገቡም ነግረዋቸው መንገዳቸው ይህ መሆኑን አስረዱ። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር በሐላል የሚያገኘው እርካታ እንኳ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ሲነግሯቸው ሶሓቦቹ ተገርመዋል።

በዒድ ቀን በመስጂደ ነበዊ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ የነበሩት እነማን ነበሩ? ሐበሾች ናቸው፣ የእኛው አገር ሰዎች! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስኪበቃት ድረስ እንድታያቸው በኩታቸው እየጋረዱ ቆሙላት። ዲናችን ደስታን የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ይህ በመስጂድ ውስጥ ባልሆነ ነበር።

የፍላጎትን ነገር ለመረዳት የእኛው ጊራና ይበቃናል። ክረምት ላይ ሞልቶ ያየ ሰው ያውቃል። ከደጋ የወረደው ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ፣ የማሳውን ዳር እየበላ ያልፋል። ያንኑ ውሃ ገበሬው በቦይ ሲጠልፈው ግን ማንጎውን፣ ብርቱካኑንና ሽንኩርቱን ያጠጣለታል። ወንዙ ይድረቅ ብሎ ዱዓ የሚያደርግ የሀብሩ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ውሃውን ይፈልገዋል፤ የሚለፋው ቦዩ ላይ ነው። ኢማንም ከፍላጎታችን ጋር የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ፍላጎትህ ወዴት እንደሚፈስ፣ በየት እንደሚያልፍና ምን እንደሚያበቅል ይመራልሃል።

ሦስተኛ፦ ሁለት ዓይነት ደስታ

ቁርኣን ውስጥ ደስታ የተወቀሰበትም የታዘዘበትም ቦታ አለ።

የተወቀሰው የቃሩን ደስታ ነው። በሱረቱል ቀሶስ ከ76ኛው አንቀጽ ጀምሮ አንብቡት። የካዝናው ቁልፎች ለብርቱ ሰዎች እንኳ ይከብዱ ነበር። ወገኖቹ በሀብትህ አትኩራራ፣ አላህ እንዲህ የሚደሰቱትን አይወድም ብለው መከሩት። አንድ ቀን ተሽሞንሙኖ በሕዝቡ መካከል ወጣ። ዱንያን የሚፈልጉት ሲያዩት ምነው የእሱ ለእኛ በሆነ ብለው ተመኙ። ከዚያ መሬት እሱንም ቤቱንም ዋጠች። ትናንት ቦታውን የተመኙት ሰዎች በማግስቱ አላህ ባያዝንልን ኖሮ እኛንም ትውጠን ነበር አሉ።

ይህ ታሪክ ስለ ስልካችን የተነገረ አይመስላችሁም? ቃሩን ዛሬም በየቀኑ ተሽሞንሙኖ ይወጣል፤ እኛም በጣታችን እየገፋን ምነው በሆነልን እንላለን። ፎቶው ከመኪናው አጠገብ የቆመውን ልጅ ያሳየናል። የማን መኪና እንደሆነ፣ ልጁ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ሌሊት በምን እንደሚያለቅስ አያሳየንም።

የታዘዘው ደስታ ደግሞ በሱረቱ ዩኑስ 58ኛው አንቀጽ ያለው ነው። አላህ ባሮቹ በችሮታውና በእዝነቱ እንዲደሰቱ ያዛል፤ ይህም ከሚሰበስቡት ሁሉ እንደሚበልጥ ይነግራቸዋል። ትእዛዝ መሆኑን አስተውሉ። አላህ ሶላትና ዘካ እንዳዘዘን ሁሉ በእሱ እንድንደሰትም አዝዞናል።

የሁለቱ ደስታዎች ልዩነት ይህ ነው። የመጀመሪያው ሌላው ሰው እንዲያይልህ ይፈልጋል፤ ካላየልህ ይጎድላል፣ ከአንተ የበለጠ ሲመጣ ይሞታል። ሁለተኛው ሌሊት በጨለማ፣ ማንም ሳያይህ ሱጁድ ላይ ሆነህም የሚኖር ነው። ወልዲያ ላይ በ2009 ዓ.ም. ስታዲየሙ ሲመረቅ የነበረውን ደስታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለ ደስታ ሐላል ነው፤ ግን ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ቤት ስትገባ አብሮህ የሚገባ ደስታስ አለህ?

አራተኛ፦ የኢማን ጣዕም

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ጣፋጭነት እንዳለው ነግረውናል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ያንን ጣዕም የሚያገኘው ሦስት ነገር ያለው ሰው ነው። አላህና መልእክተኛው ከሌላው ሁሉ በላይ እሱ ዘንድ የተወደዱ ሲሆኑ፤ ሰውን ለአላህ ብሎ ብቻ ሲወድ፤ አላህ ካወጣው በኋላ ወደ ክሕደት መመለስን እሳት ውስጥ እንደመጣል ሲጠላ።

አስተውሉ፤ ሦስቱም ስለ መውደድና ስለ መጥላት ናቸው። ጣዕሙ የሚመጣው ልብ የሚወደውና የሚጠላው ነገር ሲስተካከል ነው።

ቡኻሪ የዘገቡት የሮሙ ንጉሥ የሒረቅል ታሪክም ይህን ይነግረናል። የረሱል ደብዳቤ ሲደርሰው በሻም ለንግድ የነበረውን አቡ ሱፍያንን አስጠርቶ ጠየቀው። አቡ ሱፍያን ያኔ ገና አልሰለመም ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ወደዚህ ሃይማኖት ከገባ በኋላ ጠልቶት የሚወጣ አለ ወይ የሚል ነበር። የለም አለው። ሒረቅልም የኢማን ደስታ ከልብ ጋር ሲዋሃድ እንዲህ ነው አለ። ያልሰለመ ንጉሥ እንኳ ይህን ገባው።

ይህን ለማየት ሻም ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ ማግስት፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ ታዘዙ። ሹመትና ርስት በአንድ በኩል፣ ኢማን በሌላ በኩል ቀረበላቸው። እንደ ሸይኽ ጠልሐ ጀዕፈር ያሉት ታገሉ። ብዙዎች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ቀን ዝም ብለው ሌሊት የሚሰግዱም ነበሩ። ይህን የማነሣው ቂም ለማስታወስ አይደለም። ዛሬ ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ሠርግ የሚበላ፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጥ፣ የተጋባና የተዋለደ ጎረቤት ነው፤ አላህ ይህን ያጽናልን። የማነሣው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ለአባቶቻችን ሶላት ከባድ ግዴታ ብቻ ሆኖባቸው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ይከፍሉለት ነበር? ጣዕሙን ቀምሰውት ነበር።

እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ዳና አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ዳንዩል አወል» በሚል መጠሪያ የሚታወቁት ታላቅ ዓሊም ያስተማሩበት ቦታ ነው። በወሎ የቂርኣት ልማድ ደረሳው ከቤተሰቡ ርቆ በእግሩ ይመጣል፣ መንደርተኛው ያቀረበለትን ይበላል፣ ኪታቡን በእጁ ይገለብጣል። ያም ወጣት ነበር። እሱም ሆድ ነበረው፤ እሱም ማግባትና ቤት መሥራት ይፈልግ ነበር። ግን ከሁሉ በላይ የሚመኘው የጀመረውን ኪታብ ማኽተም ነበር። ያን ምኞት ማን ሰጠው? ከታላላቆቹ ጋር ሲቀመጥ፣ እነሱ የሚወዱትን እያየ፣ ልቡ ቀስ በቀስ ያንኑ ወደደ። ፍላጎት ይጋባል። አንተ ውሎህ ከማን ጋር ነው? የማንን ምኞት ነው የምትመኘው?

አምስተኛ፦ ታዲያ ለምን አይጥመኝም?

ትኩሳት የያዘው ሰው ማር ብትሰጡት ይመረዋል። ማሩ ግን ያው ማር ነው። ሶላት ያልጣመን ልጆችም ችግሩ ከሶላቱ አይደለም። ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ስልክ ላይ ያመሸ ዓይን ሱብሂ እንዴት ይጥመው? ቀኑን ሙሉ ሐራም ያየ፣ ሰው ሲያማ የዋለ ልብ በሁለት ደቂቃ ረከዓ ውስጥ ኹሹዕ እንዴት ይግባው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐበሻዊውን ቢላልን (ረ.ዐ) ለሶላት እንዲጠራ ሲያዙት በሶላቷ እንዲያሳርፋቸው ይጠይቁት ነበር። እኛ ግን ቶሎ ጨርሰን ከሶላቷ ማረፍ እንፈልጋለን።

ጣዕም ወዲያው ላይመጣ ይችላል። አንዲት የማንጎ ችግኝ ተክላችሁ በሳምንቱ ፍሬ አትጠብቁም። አልበቀለችም ብላችሁም አትነቅሏትም፤ ውሃ ታጠጧታላችሁ። ደስ ሳይልህ የሰገድካት ሶላት ዋጋ የላትም አትበል። ምናልባትም ነፍሲያህ እየጎተተችህ አላህን ስላስቀደምክ ከሌሎቹ የበለጠች ትሆናለች።

ረመዳንን አስታውሱ። ከሰዓት በኋላ የሳምቡሳው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ ማንም አያይህም፤ ግን አትነካውም። መግሪብ ሲደርስ ያንኑ ምግብ ቢስሚላህ ብለህ ስትበላ የሚሰማህን ታውቀዋለህ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሁለት ደስታ እንዳለው ነግረውናል፤ አንዱ ሲያፈጥር፣ ሌላው ጌታውን ሲገናኝ። ረሀቡ ያው ረሀብ ነው፣ ምግቡም ያው ምግብ። ለአላህ ብለህ ስለጠበቅክ ግን በልተህ መጥገብህ ራሱ ዒባዳ ሆነ። ሠላሳ ቀን ሆድህን ማስተማር ከቻልክ ሌላውንም ፍላጎትህን ማስተማር ትችላለህ።

ስድስተኛ፦ ወደ ጂዳው ነገር ስንመለስ

መሰደድን መመኘት በራሱ ሐራም ነው አልልም። አላህ በምድር ላይ ተንቀሳቅሰን ሲሳዩን እንድንፈልግ አዝዞናል። የረሱል ሶሓቦችም በነቢይነታቸው 5ኛ ዓመት ባሕር ተሻግረው ወደ እኛው አገር፣ ወደ ነጃሺ መጥተዋል። እናትን ከድህነት ማውጣት መፈለግ ደግሞ ትልቅ ኸይር ነው። መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ወልዲያ ላይ ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣት ሲማረር ተቀምጠን ልንፈርድበት አይገባም።

ግን የአፋርን በረሃ፣ ኦቦክን፣ የየመንን ባሕር የማናውቅ አይደለንም። ከየቀበሌው ያልተመለሱ ልጆች አሉን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአጭር ጊዜ ውስጥ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አላህ በሱረቱል በቀራ 195ኛው አንቀጽ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ይከለክለናል።

ስለዚህ ማንኛውም ብርቱ ፍላጎት ሲይዝህ፣ ጂዳም ይሁን ትዳር፣ ንግድም ይሁን ትምህርት፣ አራት ነገር ራስህን ጠይቅ።

ከየት መጣ? ከእውነተኛ ችግር ነው ወይስ ከሰው ፎቶ?

በየት ያልፋል? መንገዱ ሐላል ነው? የእናትህን ከብት አሽጠህ ለደላላ ልትሰጥ ነው? የእነሱስ ውዴታ አለበት?

ምን ያፈራል? ሲሳካልህ ወደ አላህ ትቀርባለህ ወይስ ትርቃለህ?

ቢቀርስ? ባይሳካ አላህ ላይ ትቆጣለህ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ያስፈራል፤ ግን ልብህ ማንን እንደሚያመልክ ያሳይሃል።

ከዚያ ኢስቲኻራ ስገድ። ጃቢር (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ልክ እንደ ቁርኣን ሱራ ያስተምሯቸው እንደነበር ተናግሯል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ብዙዎቻችን ኢስቲኻራን ሕልም መጠበቂያ አድርገነዋል። ዱዓው ግን እንዴት እንደሚያልቅ አስተውላችኋል? ነገሩ መጥፎ ከሆነ ከእኔ አርቀው ካልን በኋላ፣ ኸይሩን ባለበት እንዲወስንልን እንለምንና መጨረሻ ላይ በዚያ ውሳኔ ልባችንን እንዲያስደስት እንጠይቃለን።

የዛሬው ትምህርት ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ረብ የምፈልገውን ስጠኝ ብለን እንጨርሳለን። ኢስቲኻራ ግን ያ ረብ፣ የምትሰጠኝን የምወድ አድርገኝ ማለትን ያስተምረናል። የምንፈልገውን ነገር ብቻ ሳይሆን መፈለጋችንን ራሱን ለአላህ እናስረክባለን። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 7ኛው አንቀጽ ለሶሓቦቹ ኢማንን እንዳስወደዳቸውና በልባቸው እንዳስዋበው ይነግራቸዋል። ያስወደዳቸው እሱ ነው። እኛም እሱን እንለምን።

ላዘነ ሰው

ይህን የምታነብ እህቴ ምናልባት ደስታ የሚለው ቃል ራሱ ይከብድሽ ይሆናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና መርሳ ያሳለፉትን የጦርነት ወራት የምንረሳ አይደለንም። መብራት፣ ስልክና ባንክ በሌለበት፣ የሰው ወሬ እየናፈቅን የሰነበትንበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህም ያላረፈ ቤት ብዙ ነው።

በአላህ መደሰት ሁልጊዜ መሳቅ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል፣ ልባቸው አዝኗል፤ ምላሳቸው ግን ጌታቸውን የሚያስከፋ አልተናገረም። ሙስሊም በዘገቡት የሱሀይብ (ረ.ዐ) ሐዲስ የሙእሚን ነገር ሁሉ ኸይር ነው፤ ሲመቸው ያመሰግናል፣ ሲቸገር ይታገሣል፣ ሁለቱም ይጠቅመዋል። እንባሽን የሚያይ፣ ሶብርሽን የሚቆጥር ጌታ አለሽ። አብሽሪ ስንልሽ ይህን ማለታችን ነው።

ለዚህ ሳምንት

ከዛሬ ጁሙዓ እስከ ቀጣዩ ጁሙዓ ትንሽ ነገር እንሞክር።

አንድ፦ በቀን አንዲት ሶላት ምረጥና ከአዛኑ በፊት ውዱእ አድርገህ ጠብቃት። ስልኩን ሌላ ክፍል ተወው።

ሁለት፦ ማታ ከመተኛትህ በፊት ያልገዛሃቸውን ሦስት ጸጋዎች ቆጥረህ አልሐምዱሊላህ በል። ዓይንህ፣ እናትህ፣ ኢማንህ።

ሦስት፦ ምቀኝነት የሚቀሰቅስብህን አንድ ገጽ ለሳምንት ዝጋው።

አራት፦ ለአላህ ብለህ የምትወደውን አንድ ወንድም ዘይረው፤ እንደምትወደውም ንገረው።

አምስት፦ የያዘህን ትልቁን ፍላጎት ይዘህ ሁለት ረከዓ ስገድ፤ አራቱን ጥያቄዎችም ጠይቅበት።

በመጨረሻ ስለዚያ ልጅ ልንገራችሁ። በቅርቡ መርሳ ላይ እንደገና አገኘሁትና ይህን ሁሉ ነገርኩት። ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ ብዬ አልዋሻችሁም። ደላላው ደውሎለት ትንሽ ታገሠኝ እንዳለው፣ ኢስቲኻራ መስገድ እንደጀመረ ነገረኝ። «ጣዕሙስ?» አልኩት። ፈገግ አለ። «ሁልጊዜ አይደለም። ያለፈው ሐሙስ ሱብሂ ላይ ግን ሱጁድ ወርጄ መነሣት አስጠላኝ» አለኝ።

አልሐምዱሊላህ። እኔም አብሽር አልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ትርጉሙን አውቄው።

ያ አላህ! ኢማንን አስወድደን፣ በልባችንም አስውብልን። ፍላጎታችንን በሐላል ሙላልን፣ የማይጠቅመንን ከልባችን አውጣልን። በስደት ያሉትን ጠብቃቸው፣ የጠፉትን ለእናቶቻቸው መልሳቸው፣ የሞቱትን ማራቸው። ለወልዲያ፣ ለመርሳ፣ ለሀብሩ፣ ለመላው አገራችን ሰላም ስጠን። በመጨረሻዋ ሰዓታችን መላእክት አብሽሩ ከሚሏቸው ባሮችህ አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን ማንበብና በረሱል ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። ጁሙዓ ሙባረክ!